የሌላ ፈተና መልስ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለኔ ሚጢ። ሰላምታዬ በቤታችን በር ገብቶ እስከ ጓዳው ይዝለቅ፤ መጀመሪያ የአባባን ጉልበት፣ ቀጥሎ የእማዬን ጉንጭ፣ ቀጥሎ የአክስቴን እጅ፣ በመጨረሻም ያንቺን ግንባር ይሳምልኝ። እንደምን ከረማችሁ? የአባባ ወገብ እንዴት ሆነ? ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወንበር ሰጧቸው ወይስ አሁንም ዘበኛ ሲቆም ነው የሚያምርበት እያሉ ያቆሟቸዋል? የእማዬ ጥርስ ተነቀለ ወይስ ዛሬም ነገ ነገ እያለች ጉንጯን ይዛ ነው የምትውለው? የአክስቴ ሳልስ ለቀቃት? አንቺስ ትበያለሽ? ትተኛለሽ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እጄም አለ፣ እግሬም አለ፣ ራሴም አንገቴ ላይ አለ፤ ምን እንደሚሠራ ግን እንጃ።

ላውንደሪው እንደነበረ ነው። ሦስት ሆቴልና አንድ ሆስፒታል አንሶላቸውን ወደኛ ይልካሉ፤ እነሱ ያቆሽሻሉ፣ እኛ እናጥባለን፣ እንዲሁ ስንባባል ዓመቱ ሄደ። እኔ አሁንም ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ሸሚዝና ኮት እተኩሳለሁ። አንሶላ የሚያጣጥፈውን ሰውዬ ሻለቃ እንደምንለው ጽፌልሽ ነበር፤ አንሶላውን እንደ ምልምል ወታደር ቀጥ አድርጎ ካላሰለፈ እህል አይወርድለትም። አሠሪያችን እመቤትም ደህና ናቸው፣ ሕጋቸውም ደህና ነው። ሕጋቸውን ታውቂዋለሽ፤ ጨርቁን አትዩ፣ ቁጥሩን እዩ። የሚመጣው ልብስ ሁሉ አንገቱ ሥር ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋበታል። ሰማያዊው ሸሚዝ የወፍራሙ ነጋዴ እንደሆነ በዓይንሽ ብታውቂውም፣ ቁጥሩ የቀጭኑ ጸሐፊ ነው ካለ ለቀጭኑ ትሰጪዋለሽ። አምስት ዓመት በዚህ ሕግ ሠርቼ አንድም ቀን ልብስ አላሳሳትኩም። ዓይኔ የሚለኝን ትቼ ቁጥሩ የሚለኝን ማመን ለምዶብኛል።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዳር ዳር እያልኩ ነው። ደብዳቤዬን እንደ ልማድሽ እነ አባባን ሰብስበሽ ጮክ ብለሽ እያነበብሽላቸው ከሆነ እዚህ ላይ አቁሚ። የቀረው የጥናት ነገር ነው በያቸውና ጓዳ ገብተሽ ለብቻሽ አንብቢው።

ሚጢ፣ ሰባት ወር ሙሉ የላክሁልሽ መልስ የተሳሳተ ነው። ከስድሳው ጥያቄ አርባ ሰባቱ ስህተት ነው፤ የቀሩት አሥራ ሦስቱም ልክ የሆኑት በአጋጣሚ ነው። እንዴት አድርጌ ቀስ ብዬ እንደምነግርሽ ሳስብ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ ቀስ ብሎ የሚነገርበት መንገድ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቂው ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ መጀመሪያ በአራት ነጥብ፣ ቀጥሎ በሁለት። በግል ለሚፈተን ሰው ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይመዘግቡም። ስለዚህ ዘንድሮስ እንደ ሰው ላጥና ብዬ መንገዱ ማዶ ካለው ፎቶኮፒ ቤት የአምናውን የመግቢያ ፈተና ከነመልሱ ገዛሁ። ደስ ብሎኝ እንደ ሕፃን እቅፍ አድርጌው ነው የመጣሁት። በማግስቱ እሑድ ነበርና መልሱን ሳላይ ስድሳውንም ጥያቄ በእርሳስ ሠራሁት። ከዚያ ከመልሱ ጋር አስተያየሁት። ከስድሳ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት፣ ሚጢ! ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው እንኳ አሥራ አምስት ያገኛል። ያን ቀን ቅስሜ ስብር አለ። አምስት ዓመት እንፋሎት ሲቀቅለው የኖረ ጭንቅላት ከዚህ የተሻለ ምን ያወጣል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መልሱን ልጠራጠር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ወረቀት ነዋ። ታትሟል፣ ማኅተም አርፎበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ዘንድ ሁለቱም ተገናኙ።

የማፍርበት ግን ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነው። መልሱ ከማውቀው ጋር ሲጣላብኝ የማውቀውን አስወጥቼ መልሱን አስገባሁ። በዚያ ባቆም ጥሩ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ምክንያት እየፈለግሁ አሳመርኩለት። ተራራ ላይ ውሃ በስንት ይፈላል ለሚለው፣ ከቆላው በበለጠ ሙቀት ይላል ወረቀቱ። ብርድ ስለሆነ ነዋ፣ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል አልኩ። ሦስት ሠራተኞች በስድስት ቀን የሚጨርሱትን ሥራ ስድስት ሠራተኞች በስንት ቀን ይጨርሱታል ለሚለው፣ አሥራ ሁለት ቀን ይላል። እሱንም ሰው ሲበዛ ወሬ ይበዛል፣ ሥራ ይጓተታል ብዬ አለፍኩት። ሻለቃም ሰምቶ እውነት ነው አለ፤ ካላመንሽ ይህንን ቤት እዪው አለኝ።

በመጨረሻም ሕግ አወጣሁ። ይህን ፈተና የሚያወጡት ሰዎች ተንኮለኞች ናቸው፤ ግልጽ ሆኖ የታየሽ መልስ ወጥመድ ነውና እሱን ትተሽ የማይመስለውን ምረጪ የሚል። ሕጉን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ ከሥሩም ምሳሌ ይሁነኝ ብዬ የውሃውን ጥያቄ ከነመልሱ ጻፍኩበት። እየተኮስኩ ቀና ስል አነበዋለሁ፣ ጎንበስ ስል እደግመዋለሁ። አንድ ቅጂ ደግሞ ላንቺ ላክሁ።

እስከዚህ ድረስ የራሴ ጉዳይ ነበር፣ ከራሴ ጋር እጨርሰው ነበር። አንቺን ምን አደረግሽኝና ነው የጎተትኩሽ? በየወሩ ስድስትም ሰባትም ጥያቄ በእጄ እየገለበጥኩ፣ ከነመልሱ ከነምክንያቱ አስይዤ ላክሁልሽ። አንቺ ልብ ያለሽ ልጅ ነሽ፤ የውሃው ጥያቄ ሲደርስሽ ወዲያው ጽፈሽልኝ ነበር። እትዬ፣ አስተማሪያችን ተራራ ላይ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል ብሎናል፣ ምናልባት ስትገለብጪ ስቶሽ ይሆን? ነበር ያልሽኝ፣ ያውም በትሕትና። እኔ ምን መለስኩልሽ? ደብዳቤው እጅሽ ላይ ስላለ ልዋሽሽ አልችልም። ያንቺ አስተማሪ ፈተናውን ካወጡት ሰዎች ይበልጣል ወይ፣ ታላቅሽ የላከችልሽን መጠራጠር ከየት ተማርሽ አልኩሽ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሽኝም። እሺ እትዬ፣ ደርሶኛል እትዬ ብቻ ሆነ ደብዳቤሽ። እኔ ደግሞ እህቴ በሰለች ብዬ ደስ አለኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ በትምህርት ቤታችሁ የሙከራ ፈተና ከሁለተኛ ወደ አሥራ ዘጠነኛ መውረድሽን ጻፍሽልኝ። ጭንቅላቴ ሳይከዳኝ አልቀረም፣ የማውቀው ሁሉ የማላውቀው እየመሰለኝ የጻፍኩትን እሰርዛለሁ አልሽ። ያን አንብቤ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ። በርቺ፣ ሕጉን በደንብ ስላልያዝሽው ነው ብዬ ሌላ ሃያ ጥያቄ ላክሁልሽ። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል የሚባለው ይኸው ነው፤ የኔ የሚብሰው ግን አንቺ ዓይን ነበረሽ፣ ጨፍኚው ያልኩሽ እኔ ነኝ።

እንዴት እንዳወቅሁት ደግሞ ልንገርሽ። ረቡዕ ዕለት ባለ ካፖርቱ መጡ። እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው፤ ያለቻቸውን አንዲት ካፖርት በየወሩ ያመጡና ታጥባ፣ ተተኩሳ እስክትደርስ አግዳሚው ላይ በሸሚዝ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሌላ ጊዜ ደጁ ያለው አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ ያን ቀን ዝናብ ስለነበረ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ሲያነቡ ቆዩና ይህን የውሃ ነገር ማነው የጻፈው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ፣ ከፈተናው መልስ ላይ ነው አልኳቸው፣ ትንሽም ኮራ ብዬ። እስቲ ወረቀቱን አምጪው አሉ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጥያቄውን አንድ ሁለቴ ገለበጡ፤ የመልሱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ወስደው ከማኅተሙ ሥር አተኩረው አዩ። ከዚያ የኔ ልጅ፣ እስቲ ነይ አሉኝ። የኔ ልጅ ሲሉኝ ካውያውን አስቀመጥኩ።

የጥያቄው ሽፋን ላይ ኮድ ሦስት ይላል። የመልሱ ወረቀት ራስጌ ላይ፣ ባለ ፎቶኮፒው ሰማያዊ ማኅተሙን ባሳረፈበት ቦታ፣ ኮድ አንድ ይላል። አንቺ ገና ስላልተፈተንሽ ላታውቂ ትችያለሽ፤ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው እንዳይኮራረጅ አንዱን ፈተና በአራት ዓይነት ቅደም ተከተል ያትሙታል። ጥያቄው ያው ነው፣ ተራ ቁጥሩ ግን ይለያያል፤ ላንዱ ሦስተኛ የሆነው ለሌላው አርባኛ ነው። እያንዳንዱም ፊደል ብቻ የተደረደረበት የራሱ መልስ አለው። እኔ የአንዱን ጥያቄ በሌላው መልስ ነው ሰባት ወር ያጠናሁት። ኮድ እንዳለ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሁለቱንም ጊዜ ስፈተን ኮዳችሁን አጥቁሩ ብለውን አጥቁሬያለሁ። ግን ጥያቄ አሥራ አራት፣ መልስ አሥራ አራት፤ ቁጥሩ ገጠመ። ቁጥሩ ከገጠመ እኔ ሌላ ነገር አላይም።

ሽማግሌው ካፖርታቸውን ረስተው፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ስድሳውን ጥያቄ ሠሩት። ከዚያ ያን የመጀመሪያውን እሑድ በእርሳስ የሠራሁትን አንድ በአንድ አረሙልኝ። አርባ አንድ ሆነ። የአምናው ማለፊያ ሠላሳ ስምንት ነበር። ገባሽ? ያን ቀን ወረቀቱን ወርውሬ፣ ሰባት ወር ሙሉ ካውያዬን ብቻ ስገፋ ብኖር ዘንድሮ አልፍ ነበር። ሌላው ሰው አጥንቶ ያውቃል፣ እኔ አጥንቼ ደነቆርኩ። ሽማግሌው ደግሞ አሁን ያለሁበትን ሊያዩ አሥር ጥያቄ በቃላቸው ጠየቁኝ፤ ሦስት መለስኩ። ልክ የሆነው መልስ ይታየኛል እኮ፣ አስቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው፤ ከዚያ ግልጽ ስለሆነ ወጥመድ ነው እልና እሸሸዋለሁ። በደንብ ነው ያጠናሽው አሉኝ፣ እየሳቁም እያዘኑም። ካፖርታቸውን ስተኩስላቸው እጅጌዋን አቃጠልኩባቸው። የተቃጠለውን ወደ ውስጥ አጠፉና ለብሰዋት ሄዱ።

በማግስቱ ፎቶኮፒ ቤቱ ሄድኩ። እጮኻለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ሰውዬው ጥያቄውን ከአንድ ክምር፣ መልሱን ከሌላ ክምር እያነሳ በስቴፕለር ይመታል፤ ዓይኔ እያየ አንዲት ልጅ ገዝታ ወጣች። ኮዱን ሳሳየው፣ እህቴ፣ እኔ ወረቀት ነው የምሸጠው፣ እውቀት አይደለም አለኝ። መልሶ ደግሞ አሳዘንኩት መሰለኝ የኮድ ሦስትን መልስ ከሥር ፈልጎ በነጻ ሰጠኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያችን ልጅ ሮጬ ደረስኩባትና እባክሽ ኮዱን እዪው አልኳት፤ እንደ እብድ አየችኝና መንገድ ተሻገረች። አልፈረድኩባትም። እኔንም ያኔ አንዷ ሮጣ መጥታ ብትነግረኝ አላምናትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የራሴን ነገር ትቼ ያንቺ ነገር ያዘኝ። ልደውል ስል፣ ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው የስልኩ እንጨት አብሮ ሄዷል፣ መስመሩ መቼ እንደሚቀጠል አይታወቅም አሉኝ። አውቶቡስ ተራ ሄድኩ፤ ድልድዩ ሳይሠራ ወደናንተ የሚወጣ አውቶቡስ የለም አሉኝ። የሚሄደው በዙሪያው መንገድ የሚዞር የጭነት መኪና ብቻ ነው። ትናንት አንድ ሲሚንቶ የጫነ ሾፌር አገኘሁ። የት ነው የምታራግፈው ስለው የናንተን ትምህርት ቤት ጠራልኝ፤ አዲስ ክፍል ሊሠሩበት ነው አለ። ልስመው ምንም አልቀረኝ። ይዘኸኝ ሂድ ብዬ ለመንኩት፤ ጋቢናው ሞልቷል፣ ሰው መጫንም ተከልክያለሁ አለኝ። የኔ ፈተና እዚህ እንደሆነ፣ ያው ቀን ያው ሰዓት እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ። ደብዳቤ ግን አደርሳለሁ አለ። ስንት ቀን ይፈጃል ስለው ስምንት፣ ጎማና ዝናብ ከተስማሙ አለኝ። ፈተናው በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ ነው።

ስምንት ቀን ከሆነ እኮ ይደርሳል ትዪ ይሆናል። እኔም ለአንድ ሌሊት እንደዚያ ብዬ ተኝቼ ነበር። ጠዋት ስነሳ አባባ ትዝ አሉኝ። ሾፌሩ የሚያውቀው የትምህርት ቤቱን በር ነው፤ ሲሚንቶውን አራግፎ ዞሮ ይመለሳል፣ ሰፈር ለሰፈር አይፈልግሽም። ደብዳቤውን የሚሰጠው በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ማን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። የፈተና ሰሞን አባባ ምን እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ስፈተን አያታችን ማክሰኞ አርፈው እስከ ዓርብ አልነገሩኝም፤ ለቅሶ ላይ ውለው ቤት ሲደርሱ ፊታቸውን ታጥበው እየሳቁ ይገቡ ነበር። የኛ ብቻም አይደለም፤ በፈተና ሳምንት ለማንም ተፈታኝ የመጣ ደብዳቤ ኪሳቸው ይገባና ልጁ ይረጋጋ ብለው ያቆዩታል፣ ፈተናው ሲያልቅ እየዞሩ ያድላሉ። ማንበብ አይችሉ፣ ፖስታው ላይ ምን ብዬ ልጻፍላቸው? ሾፌሩን አስቸኳይ ነው በልልኝ ብለው፣ አስቸኳይ ሲባሉ ሰው ሞቷል ብለው ይብሱን ይደብቁታል። ተራ ሰላምታ ነው በልልኝ ብለው ደግሞ፣ ሰላምታማ ሁለት ቀን ቢቆይ አይሻግትም ይላሉ። በየትም ባዞረው መውጫ አጣሁለት። ልጅቷን ራሷን ካገኘሃት በእጇ ስጣት ብዬዋለሁ፤ እሑድ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ ምን ትሠሪያለሽ ልበል?

ስለዚህ የምታነበው ሚጢ የትኛዋ እንደሆነች ሳላውቅ ነው የምጽፈው። ምናልባት ቀንቶኝ ከፈተናው በፊት ከደረሰሽ፣ የላክሁልሽን ሁሉ ከነሕጉ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው። ትክክለኛውን መልስ አልላክሁልሽም፤ በአንድ ቀን ስድሳ መልስ አራግፎ ስድሳ መልስ የሚጭን ጭንቅላት የለም። መጀመሪያ የመጣልሽን አጥቁሪ። እትዬ እንዲህ ብላ ነበር የሚል ድምፅ ሲመጣብሽ አትስሚው፤ ያ ድምፅ ነው ጠላትሽ።

ይህን ብዬሽም ተስፋ አላደርግም፣ እውነቱን ልንገርሽ። በራሴ ላይ ሞክሬው አቃተኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሻለቃ አንሶላ እያጠፈ ይጠይቀኛል፣ እኔ እየተኮስኩ እመልሳለሁ። ስድስቱ ሠራተኛ በስንት ቀን ይጨርሳል ሲለኝ አፌ አሥራ ሁለት ይላል። ሦስት ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ግን አሥራ ሁለት ይቀድመኛል። ሻለቃ መጀመሪያ ቀን ሳቀ፣ ሁለተኛ ቀን ተቆጣ፣ ዛሬ ጠዋት መጠየቁን ትቶ አንሶላውን ማጠፍ ቀጠለ። ሰኞ እገባለሁ፣ ስሜ ስለተጻፈ። እንደማልወጣው ግን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ገብተን አንድ ክፍል እንኖራለን ስንባባል፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የማነው ብለን በደብዳቤ ተኳርፈን ነበር አይደል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። አልጋው ያንቺ ይሁን፣ ተውኩልሽ።

አሠሪያችን እመቤትም ሳይገባቸው አልቀረም፤ ትናንት ጠርተው ለሚመጣው ዓመት የሥራ ልብስ ትከሻዬን ለኩኝ። እግረ መንገዳቸውን፣ እህት አለችሽ አይደል፣ ፈተናው ካልቀናት አምጫት፣ አጠገብሽ ሌላ ጠረጴዛ እናስገባለን አሉኝ። በጎ አስበው ነው። አባባም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ዓመት ተቀምጠሽ የምትደግሚበት አቅም የለንም እንዳሉሽ አውቃለሁ። ከወደቅሽ ወደኔ ነው የምትመጪው። አምስት ዓመት ሙሉ ናፍቆትሽ ሲገድለኝ ኖሬ፣ አሁን እህቴን አታምጣብኝ እያልኩ እጸልያለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ከፈተናው በኋላ ከደረሰሽ ደግሞ፣ ሆነሽ የወጣሽውን ሁሉ በኔ ላይ ጻፊው። ይህን ወረቀት አስቀምጪው፤ አንድ ቀን ደደብ ነኝ ብለሽ ራስሽን የሰደብሽ ዕለት አውጥተሽ እዪው። ጎበዝ ነበርሽ፣ ያበላሸሁሽ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ብትጠዪኝም ይገባኛል፣ ትንሽ ጊዜ ጥዪኝ። አባባን ግን ደብዳቤው ኪሳቸው ውስጥ እንደቆየ ሲነግሩሽ ፊትሽን እንዳታጠቁሪባቸው። ሰኞ ጠዋት በሩን ሲከፍቱልሽ ደብዳቤው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይሆናል፤ ክፉ ነገር የከለሉልሽ መስሏቸው በልባቸው ደስ እያላቸው ግቢ ልጄ ይሉሻል። እኔም ያን ሁሉ መልስ ስልክልሽ እንደዚያው ነበር ደስ የሚለኝ። እኔ ዛሬ የማውቀውን እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያውቁት አልፈልግም፤ አይችሉትም። ምን ትላለች ማለታቸው አይቀርም፤ ሰላምታ ነው በያቸው። ይህ ሁሉ ወረቀት ሰላምታ ነው ወይ ካሉሽ፣ በጣም ናፍቃችኋለች በያቸው። መጀመሪያውንና ከዚህ በታች ያለውን ብቻ አንብቢላቸው።

እማዬ፣ ጥርስሽን ተነቀይ፣ ሐኪሙ አይበላሽም፤ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስሜሻለሁ። አክስቴ፣ ሳሉን በብርድ አትውጪበት፣ አንገትሽን ሸፍኚ፤ ስመጣ ሹራብ አመጣልሻለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በሉልኝ፤ እኔ የምተኩሰውን ኮት ሁሉ ሳይ ስፌቱ የሳቸውን አያህልም በሏቸው። አባባ፣ ስለኔ ምንም አያስቡ፣ ጥናቱ ጥሩ ነው፣ ሥራውም ጥሩ ነው። ሚጢን በፈተናዋ ሰሞን አንዳች ነገር እንዳይረብሻት በሩን ስለጠበቁላት እግዜር ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

የማትረሳችሁ ልጃችሁ፣
ከላውንደሪው ቤት፣
ቅዳሜ፣ ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው።